የሞተሯ ጠያቂዎች

የአያቴ የጀልባ ሞተር የታመመች ሰሞን ቤተሰቡ በሙሉ ተራ በተራ እየሄደ ጠይቋታል። ይህን በገዛ ዓይኔ አይቻለሁና ማንም አያስተባብለኝም። ያየሁት ነገር ምን እንደነበር የገባኝ ግን ቆይቶ፣ አድጌ ለአቅመ ሐሜት ከደረስሁ በኋላ ነው።

አያቴን የባሕር ዳር ሰው ካፒቴን ኑርሑሴን ይላቸዋል፤ እኔ አባባ ነበር የምላቸው። ዕድሜ ልካቸውን ከባሕር ዳር ደቅ ደሴት፣ ከደቅ ባሕር ዳር ሰውና እህል ሲያመላልሱ ኖረዋል። ጀልባዋን የሠሯት ራሳቸው ናቸው። ሞተሯን ግን የማያውቁት ሰው ስለሠራት ሙሉ በሙሉ አያምኗትም ነበር። ሁልጊዜ ከመግሪብ በፊት ፈትተው በጋሪ ቤት ያስገቧታል። "ሐይቅ ዳር ያደረ ሞተር የባለቤቱን ስም ይረሳል" ይሉ ነበር፤ ሌባ ወስዶ ሌላ ቀለም ይቀባዋል ለማለት ነው።

አንድ ቀን፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አባባ ሽርጣቸው እስከ ወገባቸው ርሶ፣ ጠጉራቸው ላይ የደንገል ገለባ ተሰክቶ ቤት ገቡ። ጀልባዋ ደንገሉ ውስጥ ተሰንቅራ ኖሮ ታንኳ ቀዛፊዎች ናቸው ጎትተው ያወጧት። "ነፋስ ነው" አሉ አባባ። ያን ቀን ነፋስ እንዳልነበረ እኔም አውቃለሁ፤ ያጠብሁት የአሻንጉሊቴ ቀሚስ ገመድ ላይ ንቅንቅ ሳይል ነው የዋለው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ማድ ቤት ውስጥ ሹክሹክታ ሰማሁ። አባቴ ካሚል፣ አያቴ እማማ መዲናና አክስቴ ጀሊላ ናቸው። ጀሊላ የአባባ የመጨረሻ ልጅ ናት፤ ያኔ ገና አላገባችም። እናቴ ዓባይ ማዶ ሱቅ ስለምትውል የቤቱን ወሬ የምትሰማው ከእኔ ነበር፤ እኔም ኃላፊነቴን ስለማውቅ ከሽንኩርቱ ቅርጫት አጠገብ ቁጭ ብዬ ሽንኩርት የምልጥ መሰልሁ።

"ከእንግዲህ ሐይቅ ላይ መውጣት ይቅር ብሏል ሐኪሙ" አለ አባዬ።

"ምን አገኘሁ ብሎ?" አሉ እማማ።

"ዳር ዳሩ አልቋል አለ። የቀረው መሐሉ ነው።"

"መድኃኒት የለውም?"

"ባለበት ያቆመው እንደሁ እንጂ የሄደውንስ አይመልሰውም።"

"እና ማን ሊነግራቸው ነው?" አለች ጀሊላ። እማማ ማማሰያውን አንሥተው መልሰው አስቀመጡት።

"ካፒቴንን ከጀልባህ ውረድ የሚል አፍ በዚህ ቤት አልበቀለም" አሉ። "ሌላ ዘዴ ፈልጉ።"

እኔ የገባኝ እንዲህ ነው፤ ሞተሯ ታማለች። ሐኪም አይቷታል። መድኃኒት የላትም። አባባ ደግሞ አልሰሙም። የምሥጢሩ ክብደት አስለቀሰኝ፤ ወይም ሽንኩርቱ ይሆናል።

አሁን ሳስበው ነገሩ የአባባ ዓይን ነበር፤ ሐኪሙ ያየውን ለአባዬ ብቻ ነግሮት ነው። ከፊት ለፊታቸው ያለውን አጥርተው ያያሉ፤ ግራና ቀኛቸው ግን ተጋርዶባቸዋል። በእንዲህ ያለ ዓይን መሐል ሐይቅ ላይ ሰው ጭኖ መንዳት አይሆንም። ለአባትህ ይህን በፊት ለፊት መናገር ግን ነውር ነው፤ ስለዚህ በሽታው ለሞተሯ ተሰጠ።

በዚያው ሳምንት ከደቅ መልእክት መጣ። ቢያዝን ታሟል፣ አልጋ ይዟል የሚል ነው። ቢያዝን የደቅ ገበሬና የአባባ የወጣትነት ጓደኛ ነው፤ ማንጎ በላከልን ቁጥር አብሮ ስድብ ይልክ ነበር።

"ከጁምዓ ማግሥት እሄዳለሁ" አሉ አባባ።

"እኔ ላድርስዎ" አለ አባዬ።

"ካፒቴን ተጭኖ ይሄዳል? ቢያዝን እንዲያ ሲያየኝ ይብስበታል። በገዛ እጄ ነድቼ ነው የምሄደው። ተቅዋንም እወስዳታለሁ።"

ተቅዋ እኔ ነኝ። ደቅን አይቼ አላውቅም ነበር፤ በደስታ ግቢውን ሦስቴ ዞርሁት። ከዚያ "ሄደን ምን እናደርጋለን አባባ?" ብዬ ጠየቅሁ።

"የታመመ ሰው ይጠየቃል። አጠገቡ ትቀመጫለሽ፣ ዳበስ ታደርጊዋለሽ፣ ውኃ ታጠጭዋለሽ፣ አላህ ያሽርህ ትይዋለሽ። በቃ ይኸው ነው።"

ግቢያችን ውስጥ ከማንጎው ሥር ውኃ የሞላ በርሜል ነበር። አባባ ረጅም መንገድ ከመሄዳቸው በፊት ሞተሯን የበርሜሉ ጠርዝ ላይ ያስሯትና ያስነሷታል፤ እግሯ ውኃው ውስጥ፣ ጭንቅላቷ ውጭ ሆኖ። ስትነሣ ግቢው ሰማያዊ ጭስ ይሞላዋል፣ ዶሮዎቹ አጥር ይዘላሉ፣ ውኃው እየተፈናጠረ እማማ ያሰጡትን ልብስ ያለብሳል። እማማም በየጊዜው እንደ አዲስ ይቆጣሉ።

ያን ቀን ግን ሞተሯ ተነሣች፣ ጥቂት አጉረመረመች፣ ሳል ያዛትና ዝም አለች። አባባ ገመዱን ሳቡ። ተነሣች፣ ሳለች፣ ዝም አለች።

"ወይ ጉድ!" አለ አባዬ። ፊቱ ላይ የነበረው ሐዘን ለቀብር ይበቃ ነበር። "በቃ ታማለች ማለት ነው። እስክትድን ጉዞው ይቆይ።"

አባባ ሰሌን ዘርግተው ቀኑን ሙሉ ሲፈቱ ዋሉ። እሳት የሚያስነሣውን ካንዴላ አወጡ፣ ካርቡራተሩን በቤንዚን አጠቡ፣ የቤንዚን ማስተላለፊያ ጎማዎቹን በአፋቸው እየነፉ አዳመጡ። ጉልበታቸው አጠገብ የወደቀ ብሎን በመዳፋቸው ሲዳብሱ እኔ "ይኸውልዎ" እያልሁ አቀብላቸው ነበር። ጨዋታ መስሎኝ ነበር። መልሰው ገጠሙ፤ ሞተሯም ተነሥታ፣ ስላ፣ ዝም አለች። አባባ በርጩማው ላይ ተቀመጡና እጃቸውን በጨርቅ ሲጠርጉ ቆዩ። እንዲያ ተክዘው አይቻቸው ስለማላውቅ አሳዘኑኝ፤ ላጽናናቸው ብዬ ተጠጋሁ።

"አባባ አይዘኑ። አባዬ እንኳ ትናንት ጠይቋታል።"

"ማንን?"

"ሞተሯን። እርስዎ ዐስር ሊሰግዱ የሄዱ ጊዜ ብቻውን መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ዳበስ አደረጋት። ከዚያ የቤንዚኗን ክዳን እንዲህ አድርጎላት ሄደ።" በጣቶቼ አዙሬ አሳየኋቸው።

አባባ ጣቶቼን ተመለከቱ። ከዚያ ተነሥተው ወደ ቤንዚኑ ታኒካ ሄዱ። ክዳኑ ላይ ታኒካው አየር የሚስብባት ትንሽ ብሎን አለች፤ ያቺ ከተዘጋች ቤንዚኑ ጥቂት ይወርድና ይቆማል፤ ሞተሩም ይታነቃል። አባባ ብሎኗን ላላ ሲያደርጓት ታኒካው ፍስስ ብሎ ተነፈሰ።

ረጅም ጊዜ አዩኝ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥሁ።

"ተቅዋ" አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "በሽተኛን ማን እንደጠየቀው መታወቅ አለበት። ነገ ሲታመሙ ይጠየቃሉ። ከዛሬ ጀምሮ ጠያቂዎቿን ሁሉ ለእኔ ትነግሪኛለሽ። ለሌላ ግን አትንገሪ፤ ጠያቂ ታየሁ ብሎ ያፍራል።"

ከዚያ ቤተሰቡን ጠሩ። ጆሯቸውን ሞተሯ ላይ ደገፍ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ "ቢስሚላህ" አሉ። "ትንፋሽ አጥሯታል" አሉና ብሎኗን ነካ አድርገው ገመዱን ሳቡ። ሞተሯ ጮኸች፣ ዶሮዎቹ ዘለሉ፣ የእማማ ልብስ ራሰ። አባዬ አፉን ከፍቶ ቀረ።

በማግሥቱ እማማ ጠየቋት። ከማጀት በአበባ ሥዕል ስኒ ውኃ ይዘው ወጡ፣ ግራ ቀኝ አዩ፣ የታኒካውን ክዳን ከፍተው አጠጧት፤ ስኒውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ገቡ። አንጀቴን በሉት። ልብስ እያራሰችባቸው እንኳ ቂም አልያዙባትም ብዬ አሰብሁ፤ ለአባባም እንደዚያው ነገርኋቸው።

ሞተሯ ያን ቀን እየተንቀጠቀጠች አልነሣም አለች። አባባ ጆሯቸውን ደገፉ።

"ውኃ ጠጥታለች።"

"ሱብሓነላህ!" አሉ እማማ። "ውኃ ከየት ይገባል?"

አባባ የታኒካውን ቤንዚን በነጭ ጠርሙስ ቀዱና ለብርሃን ያዙት። ቆይቶ ቤንዚኑ ከላይ፣ ውኃው ከታች ለየብቻ ቁጭ አሉ። "ብዙም አይደለም" አሉ አባባ ጠርሙሱን እያዟዟሩ፤ "አንድ ስኒ ቢሆን ነው።" እማማ ድስት ጥጄ መጣሁ ብለው ሮጡ። ያን ቀን ግን የተጣደ ድስት አልነበረም።

የጀሊላ ጥየቃ ግን ከሁሉም ይበልጥ ነበር። ለጓደኛዋ ሠርግ የገዛችውን የጥፍር ቀለም ይዛ መጣች። ካንዴላውን በመፍቻ ፈታችው፣ ጫፉን ቀባችው፣ ለጥፍሯ እንደምታደርገው እፍ፣ እፍ ብላ አደረቀችውና መልሳ ገጠመችው። በሽተኛን ማስዋብ! እኔ ራሴ ትኩሳት ይዞኝ ሳለ እንዲህ ያደረገልኝ አልነበረም። ለአባባ ስነግራቸው ሳል ያዛቸው፤ ውኃ አምጥቼ አጠጣኋቸው።

ቤተሰቡ ሲሰበሰብ አባባ ያን ቀን ጆሯቸውን እንኳ አላስጠጉም። ከርጩማቸው ሳይነሡ፣ "ካንዴላው ዝጓል" አሉ። "ዝገቱ ቀይ ነው።" አባዬ ፈትቶ አየው፤ ቀይ ነው። "እንዲህ የሚያብለጨልጭ ዝገት አይቼ አላውቅም" አሉ አባባ። "ጀሊላ፣ አንቺስ?" ጀሊላ እጆቿን ከኋላዋ ደበቀች።

አምና በጀሊላ ልጅ ሠርግ ላይ ይህ ታሪክ ተነሣ። አባዬና ጀሊላ እየተቀባበሉ ያኔ የሠሩትን ተንኮል ሲያወሩ እንግዳው በሳቅ ሞተ። "የሚገርመው ግን የአባባ ጆሮ ነው" አለ አባዬ። እኔ እዚያ ሠርግ ላይ ነው የጠያቂዎቹን ዝርዝር ለማን አደርስ እንደነበር የነገርኋቸው። አባዬ የያዘውን ማንኪያ አስቀመጠና "ያ ሁሉ ጆሮ አንቺ ነበርሽ?" አለኝ። ጀሊላ እስካሁን አኩርፋኛለች።

በዚያ በሞተሯ ሕመም ሰሞን ግን ምንም አላወቁም። ከካንዴላው በኋላ ማድ ቤት ተሰበሰቡ፤ እኔም ወደ ሽንኩርቴ ሄድሁ።

"ሳይፈቱት እኮ ነው ቀይ ነው ያሉት!" አለ አባዬ። "እንዲህ የሚሰሙ ሰው ዓይን ምን ያደርግላቸዋል?"

"ሐኪሙ ጆሯቸውን አላየም" አሉ እማማ። "ቢያዝንም እኮ እየጠበቃቸው ነው። አንድ ጊዜ ይሂዱ። አንተ ግን አብረህ ሂድ።"

አባዬ ወጥቶ፣ "እኔም ቢያዝንን ልጠይቀው ነበር" አለ አንገቱን እያሻሸ።

"ና" አሉ አባባ። "ፊት ትቀመጣለህ። የሞተሩ ቦታ የእኔ ነው።"

ጠዋት ተነሣን። ሐይቁ ዝም ብሎ ተኝቷል። ያኔ እንቦጭ የሚባል አረም ገና አልመጣብንም፤ ውኃው እስከ ዳሩ ጥርት ያለ ነበር። አባባ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው፣ የሞተሯን እጀታ ይዘው፣ ከሩቅ ለሚያዩን ዓሣ አስጋሪዎች ሁሉ ሰላምታ ይሰጣሉ። ጮክ ብለው ነበር ሰላም የሚሉት፤ ካፒቴን ኑርሑሴን ሐይቁ ላይ መሆናቸውን ያልሰማ እንዳይኖር ብለው ይመስለኛል። ደስታቸው እኔን አስቆ አላቆም አለኝ።

የከተማው ዳር ገና ሳይሰወር ሞተሯ ሳል ያዛት። ሳለች፣ ሳለች፣ ዝም አለች።

አባባ ገመዱን ሳቡ። እንደገና ሳቡ። ነፋስ ነሣ ነሣ እያለ ነበር፤ ጀልባዋ ጎኗን ሰጥታ መወዛወዝ ጀመረች። አባዬ ፊት ተቀምጦ ወደ ደቅ ያያል፤ አንገቱን ወደ እኛ አላዞረም። አባባ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

"ተቅዋ" አሉ በቀስታ፣ "ማን ጠየቃት?"

"ማንም አልጠየቃትም፤ ድናለች አላላችሁም?"

"ትናንትም? ዛሬ ጠዋትም?"

"ማንም" አልሁ።

ጆሯቸውን ሞተሯ ላይ ደገፉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ "ቢስሚላህ" አሉ። ብዙ ቆዩ። እኔም "ትንፋሽ አጥሯታል" ወይም "ውኃ ጠጥታለች" እስኪሉ በጉጉት ጠበቅሁ። ምንም አላሉም። ካንዴላውን ዳሰሱ፣ ጎማውን ጨመቅ ጨመቅ አደረጉ፣ ከእግራቸው አጠገብ ያለውን መፍቻ በመዳፋቸው ፈልገው አጡት። ያን ጊዜ የፈራሁት ለእሳቸው እንጂ ሐይቁን አልነበረም።

አባዬ ተነሣ። "ውኃ ጠማኝ" አለና ጀሪካን ወዳለበት፣ ወደ እኛ መጣ። ውኃውን ሊያነሣ ሲያጎነብስ አንድ እጁ የቤንዚኑን ክዳን ነካ። ፍስስ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጠጣ፣ አፉን ጠረገ፣ ወደ ቦታው ተመለሰ።

"እስቲ አንዴ ይሳቡት አባባ" አለ ጀርባውን እንደ ሰጠ። "ቤንዚኑ ውስጥ ቆሻሻ ሳይኖር አይቀርም፤ አልፎ ይሆናል።"

አባባ ሳቡ፤ ሞተሯ ተነሣች። እኔም ኃላፊነቴን ስለማውቅ አንገታቸውን አቅፌ በጆሯቸው ነገርኋቸው።

"አባዬ አሁን ጠየቃት። ክዳኗን እንዲህ አደረጋት።"

አባባ ጣቶቼን ተመለከቱ።

"ወዴት ነው ያዞረው? ወደዚህ ነው ወይስ ወደዚያ?"

"ወደዚህ" አልሁ፤ ወደ መክፈቻው።

ታኒካውን ከቤት ስንወስድ ቤንዚኑ እንዳይፈስ ብሎኗን የዘጉት አባባ ራሳቸው ነበሩ። ከመነሣታችን በፊት መክፈት ያለባቸውም እሳቸው ናቸው፤ ጀማሪ ቀዛፊ እንኳ ይህን አይረሳም። ይህን ሁሉ ዛሬ ነው የማውቀው። ያኔ ያየሁት አባባ የልጃቸውን ጀርባ ትክ ብለው ሲያዩት ነው። ከዚያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ እንደ ልማዳቸው ሳቁ። ሳቃቸው ግን ዕንባ ነበረው።

"ካሚል! ና ያዛት።"

"ምነው አባባ? እየሄደች እኮ ነው።"

"በሽተኛ ልጠይቅ ነው የምሄደው። ጠያቂ ደግሞ ፊት ነው የሚቀመጠው።"

አባዬ መጥቶ እጀታውን ተቀበላቸው። ጎንበስ ብሎም የአባቱን ጉልበት ሳመ። አባባ ፊት ሄደው ተቀመጡ፣ እኔን ታቀፉኝና "መሐሉን እኔ አይልሻለሁ፤ ዳር ዳሩን አንቺ እዪልኝ" አሉኝ። እኔም ወፉን፣ ታንኳውን፣ ደንገሉን፣ ያየሁትን ሁሉ እየተናገርሁ ደቅ ደረስን። ከዚያ ቀን በኋላ የሞተሩ ቦታ ላይ ተቀምጠው አያውቁም።

ቢያዝን አልጋው ላይ ቀና ብሎ "ማን ነድቶ አመጣህ አንተ ሽማግሌ?" አላቸው። በጣም አልታመመም መሰለኝ፤ ገና ከበሩ ስድብ ጀምሯል።

"እግዜር ይማርህ" አሉ አባባ አጠገቡ ተቀምጠው። "ሁለት ካፒቴን ነው የነዳኝ። አንደኛው ከኋላ፣ አንደኛዋ ከፊት።" እኔ ቢያዝንን ዳበስ አደረግሁት፣ ውኃም አጠጣሁት።

አባባ ካረፉ ቆይተዋል። ሞተሯም ተለውጣለች፤ የአሁኗ ግራጫ ናት፣ በርሜሉ ግን ያው ነው። አባዬ ጢሙ ነጥቷል። ዘንድሮ ልቡን አመመው፤ ሐኪሙም ለእኔ ብቻ ለይቶ የነገረኝ ነገር አለ። አባዬ ደግሞ ከጁምዓ ማግሥት ብቻውን ወደ ደቅ ሊሄድ ሞተሯን በርሜሉ ላይ አስሯል።

ትናንት ዐስር ሊሰግድ ሲወጣ ጠብቄ ወደ ማንጎው ሥር ወረድሁ። ግራ ቀኝ አየሁና አጎንብሼ ያቺን ብሎን አዞርኋት። ቀና ስል ልጄ ሳዲቅ የቤቱ ደፍ ላይ ቆሞ ጣቱን እየጠባ ያየኛል።

"እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

"ሞተሯን እየጠየቅኋት ነው" አልሁት። "ትንሽ አሟታል።"

ጭንቅላቱን በሐዘን ነቀነቀ። ከዚያ አባዬ ከመስጊድ ሲመለስ ወደ አጥሩ በር በረረ፤ ከኋላው ብጠራውም አልሰማኝም።

"አባባ! አባባ! እማዬ ሞተሯን ጠየቀቻት! ክዳኗን እንዲህ አደረገቻት!"

ከበሩ የአባዬ ሳቅ መጣ፤ ቀጥሎም ድምፁ፤ ለሳዲቅ እየተናገረ፣ እኔ እንድሰማው ግን ጮክ ብሎ፣

"እስቲ አሳየኝ ልጄ፤ ወዴት ነው ያዞረችው?"